ማምረቱ የቆመ መካከለኛ አውቶሞቢል ከመግዛት በፊት፦ ፎርድ ፊውዥንን ደረጃ በደረጃ መመርመር

አንድ የመኪና ሞዴል መመረቱ ሲቆም ወሬው በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። ሻጩ «ከእንግዲህ እንዲህ ያለ አይሠራም» እያለ ዋጋውን ይሰቅላል፤ የገዢው ወዳጅ ደግሞ «መለዋወጫ የለውም፣ እንዳትነካው» ብሎ ያስፈራራል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ስሙ ነው እንጂ ስለ መኪናው አይደለም። ስሙ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ እንኳ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የፍሬን ዕቃው በሌላ መኪና ላይ ለዓመታት ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ በአንጻሩ አንድ ዓይነት ስም በተለጠፈባቸው ሁለት መኪኖች ኮፈን ሥር፣ አንዱ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል፣ ሌላው ባለቤቱን የሚያከስር ሞተር ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ገዢው «ለምን ቆመ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ብዙ ሳይቆይ «ዕቃውን ከማን ጋር ይጋራል? ይህኛው መኪና የያዘው ሞተርስ የትኛው ነው?» ወደሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ቢያልፍ ይጠቀማል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩት እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ነው።

ለምሳሌነት የመረጥሁት ፎርድ ፊውዥንን ነው። ይህ ሴዳን በአሜሪካ ገበያ ከ2006 እስከ 2020 የሞዴል ዓመት ድረስ ተሸጦ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጁላይ 2020 ሜክሲኮ ኤርሞሲዮ በሚገኘው ፋብሪካ ማምረቱ አበቃ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የተሳፋሪውና የዕቃ መጫኛው ቦታ ተደምሮ ከ110 እስከ 119 ኩቢክ ጫማ የሚሆነውን ሴዳን «መካከለኛ» ብሎ ይመድባል፤ ፊውዥንም የሚወድቀው በዚህ ክልል ውስጥ ነው። ብዙ ስለተሸጠ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል፤ ደካማ ጎኖቹም በሚገባ ተጽፈው ስላሉ ለመማሪያ ይመቻል። ሌላ ሞዴል የሚያይ ሰው ቅደም ተከተሉን እንዳለ ወስዶ ስሙንና ቁጥሩን ብቻ ይተካ።

ደረጃ 1፦ መቆሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

አምራቹ ሥራ ላይ እያለ አንዱን ሞዴል ብቻ ከተወ ጉዳቱ ቀላል ነው። ፎርድ በኤፕሪል 2018 በሰሜን አሜሪካ ለሚቀጥለው የሴዳኖች ትውልድ ገንዘብ እንደማያወጣ ሲያስታውቅ፣ ምክንያቱ ገዢው ከፍ ወዳሉ መኪኖችና ወደ ፒካፕ ማዘንበሉ ነበር እንጂ ፊውዥን የተለየ ነውር ተገኝቶበት አልነበረም። በ2016 መጨረሻ የቆመው ክራይስለር 200ም ሆነ በኖቬምበር 2024 የቆመው ሸቭሮሌ ማሊቡ የሄዱት በዚያው መንገድ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ የአምራቹ ወኪሎች አይዘጉም፣ የጥገና መጻሕፍቱና የመመርመሪያ ሶፍትዌሩ ይኖራሉ፣ የደኅንነት ጉድለት የተገኘበትን መኪናም ተቀብሎ የሚጠግን ባለቤት ያለው ተቋም አለ።

ሁለተኛው ዓይነት የንግድ ስሙ ከነጭራሹ ሲጠፋ፣ እናት ኩባንያው ግን በሥራ ላይ ሲቆይ ነው። ፖንቲያክ ጂ6 እና ሳተርን ኦራ ከማሊቡ ጋር በአንድ መሠረት ላይ የተሠሩ ነበሩ፤ ስለዚህ ፖንቲያክና ሳተርን የሚባሉት ስሞች በ2010 ቢዘጉም የእግራቸውና የሞተራቸው ዕቃ ከገበያ አልጠፋም። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ አምራቹ ራሱ ይከስራል ወይም ገበያውን ጥሎ ይወጣል። ሳብ በዲሴምበር 2011 ከሰረ፤ ሱዙኪ በኖቬምበር 2012 በአሜሪካ መኪና መሸጡን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ኪዛሺ የተባለው መካከለኛ ሴዳኑም ያለ ወራሽ ቀረ። ኪዛሺ ሞተሩን ከግራንድ ቪታራ ጋር ስለሚጋራ በዚያ በኩል እምብዛም አያስቸግርም፤ የፊት መብራቱ ወይም የበሩ ላሜራ የተጎዳበት ባለቤት ግን ፍለጋው ከፍርስራሽ መኪና ግቢ ይጀምራል። የሚያዩት ሞዴል በዚህ በሦስተኛው ምድብ ካለና ሌላ መኪና ከሌለዎት፣ እኔ ብሆን ጉዳዩን እዚሁ ላይ እተወዋለሁ።

ደረጃ 2፦ ትውልዱንና ሞተሩን ከቻሲ ቁጥሩ ያንብቡ

ከኋላ በተለጠፈው ጽሑፍም ሆነ በሻጩ ቃል ላይ ተመሥርተው ሞተሩን አይወስኑ፤ ጽሑፉ ሊነቀልና ሊቀየር ይችላል፣ ሻጩም ብዙውን ጊዜ ራሱ አያውቅም። ትክክለኛው መልስ በቻሲ ቁጥሩ ውስጥ አለ። ቁጥሩ 17 ምልክቶች ያሉት ሲሆን ከፊት መስተዋቱ ሥር በሾፌሩ በኩል እና በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ይገኛል። ሁለቱ ቦታዎች ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ካልተመሳሰለ መኪናው ከሌላ መኪና የተወሰደ አካል አለው፣ ወይም ከዚያ የባሰ ታሪክ አለው።

የመጀመሪያው ምልክት አገሩን ይናገራል፤ 3 ከሆነ በሜክሲኮ፣ 1 ከሆነ በአሜሪካ የተሠራ ነው። ፊውዥን ለተወሰኑ ዓመታት በሚሺጋን ፍላት ሮክም ተሠርቷልና ይህ ልዩነት ሊያስደነግጥዎ አይገባም። አሥረኛው ምልክት የሞዴሉ ዓመት ነው፦ ለ2013 የእንግሊዝኛው ፊደል ዲ፣ ለ2014 ኢ፣ ለ2015 ኤፍ፣ ለ2016 ጂ፣ ለ2017 ኤች፣ ለ2018 ጄ፣ ለ2019 ኬ፣ ለ2020 ኤል። «አይ» የተዘለለው ከ1 ቁጥር ጋር ስለሚምታታ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ስምንተኛው ምልክት ነው። በሁለተኛው ትውልድ ማለትም ከ2013 እስከ 2020 ባሉት ፊውዥኖች ላይ 7 ቁጥር 2.5 ሊትሩን ያለ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ሞተር፣ አር 1.6 ሊትሩን ቱርቦ፣ ዲ 1.5 ሊትሩን ቱርቦ፣ 9 ቁጥር 2.0 ሊትሩን ቱርቦ፣ ዩ ደግሞ ሃይብሪዱን (በነዳጅና በኤሌክትሪክ የሚሄደውን) ያመለክታል። ይህን አንድ ምልክት በስልክ ጠይቆ ማወቅ ብቻ ግማሹን ጉዞ ያስቀርልዎታል።

ደረጃ 3፦ ሞተሩን በየስሙ ይመዝኑ

ገዢዎች ስለ ፊውዥን ሲከራከሩ የማይግባቡት አንዱ ስለ አንዱ ሞተር፣ ሌላው ስለ ሌላው እየተናገረ ስለሆነ ነው። ከዚህ የተነሣ ይህ ደረጃ ከሌሎቹ ሁሉ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

2.5 ሊትሩ ሞተር 175 የፈረስ ጉልበት አለው። ቱርቦ የለውም፤ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ጊዜ ጠብቆ በሚቀየር ቺንጊያ ሳይሆን በካቴና ነው። በሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ለመቅደም ሲፈልጉ ሰነፍ ነው፤ ነዳጅ ቁጠባውም ከቱርቦዎቹ አንጻር የሚያስመካ አይደለም። ይሁንና ውስጡ ብዙ የሚበላሽ ነገር ስለሌለና ኢስኬፕን በመሳሰሉ ሌሎች የፎርድ መኪኖች ላይም ስለተገጠመ፣ ማምረቱ ለቆመ መኪና ከዚህ የተሻለ ሞተር ማግኘት ይከብዳል። አንድ ፊውዥን ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

1.6 ሊትሩ ቱርቦ በ2013 እና በ2014 ሞዴሎች ላይ የተገጠመ ነው። ገና ከመጀመሪያው ከመጠን በላይ በመሞቅና በእሳት ስጋት ምክንያት ለጥገና ተጠርቷል፤ በ2017 ደግሞ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ሲያንስ ቴስታታው (የሞተሩ ላይኛ ክፍል) ሊሰነጠቅና ዘይት ሊያፈስ ይችላል ተብሎ እንደገና ተጠርቷል። ጥገናው ተሠርቶ ቢሆን እንኳ ከዚያ በፊት ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደጋለ የሚነግርዎ ሰው የለም። ሌላ አማራጭ ባለበት ገበያ ይህን ሞተር ማለፉ ይሻላል።

የ1.6ቱን ቦታ የተረከበው 1.5 ሊትሩ ቱርቦ ሲሆን፣ በተለይ ከ2017 እስከ 2019 ባሉት ሞዴሎች ላይ የራሱን ችግር ይዞ መጥቷል። የሲሊንደሮቹን መካከል ለማቀዝቀዝ ሲባል የሞተሩ ብሎክ ላይኛው ፊት ላይ በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ቀጭን ቦይ ተቆርጧል። ቦዩ ያለበት ቦታ ጠባብ በመሆኑ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) የሚያርፍበት ብረት ያንሳል፤ ከጊዜ በኋላ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ በዚያ ሾልኮ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ፎርድ ራሱ ለወኪሎቹ ባሰራጨው የቴክኒክ መልእክት መፍትሔው ጓርኒሲዮን መቀየር ሳይሆን የሞተሩን ብሎክ ከነውስጡ መቀየር እንደሆነ አሳውቋል። ከ2017 ጀምሮ የተገጠመው 2.0 ሊትር ቱርቦም በዚሁ ዓይነት ችግር ይታወቃል፤ ከዚያ በፊት የነበረው 2.0 ግን የተለየ አሠራር ያለው በመሆኑ በዚህ አይከሰስም።

ይህን ችግር ማወቂያው መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አስቸጋሪ አይደለም። መኪናውን ለማየት ሲቀጥሩ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነሣ እንዲያድር አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሲደርሱም መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅዎ ዳስሰው ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጡ። ከማስነሣትዎ በፊት የማቀዝቀዣው ፈሳሽ በጠርሙሱ ላይ ከተሰመሩት ሁለት መስመሮች መካከል መሆኑን ይመልከቱ፤ ክዳኑ የሚከፈተው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ሲያስነሣ እርስዎ ከጭስ ማውጫው ኋላ ይቁሙ። ለመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ አንድ ሲሊንደር እንዳልተኮሰ ቢሰማ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ቢወጣና ጭሱ እንደ ተራ እንፋሎት ቶሎ ባይጠፋ፣ ፈሳሹ ወደ ሲሊንደር እየገባ መሆኑን ይጠርጥሩ። ጥርጣሬውን የሚያጸናው መካኒክ ነው፤ የማቀዝቀዣውን መስመር በአየር ግፊት ሞልቶ ለሰዓታት ከተወው በኋላ ካንዴላዎቹን ነቅሎ በቀዳዳው በኩል ካሜራ ያስገባል፤ አንዱ ፒስተን ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ ቢያብለጨልጭ ወይም ፈሳሽ ተኝቶበት ቢታይ ነገሩ አለቀ። አንድ ጊዜ ከወዳጄ ጋር አንድ 1.5 ልናይ ሄደን ሻጩ «እንዳትቸገሩ ብዬ» ሞተሩን አሙቆ ጠበቀን። ደግነቱን አመስግነን በማግስቱ ማለዳ ሳንነግረው ተመለስን፤ ጭሱ ሁሉንም ነገር ተናገረ።

በ1.5ም ሆነ በ1.6 ላይ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ቺንጊያ መሆኑን አይርሱ። ኪሎ ሜትሩ ከፍ ያለ መኪና ከሆነ ቺንጊያው መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩ።

ከ2017 እስከ 2019 በስፖርት ስም የተሸጠው 2.7 ሊትር ቪ6 325 የፈረስ ጉልበት ያለውና አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክር ነው። የሚያስደስት መኪና ነው፤ ቁጥሩ አነስተኛ ስለሆነ ግን ለእርሱ ብቻ የተሠሩት ዕቃዎች ቀድመው የሚጠፉ ናቸው።

ሃይብሪዱ ለብቻው መታየት አለበት። ከ2010 እስከ 2012 ያለው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ፣ ከ2013 ወዲህ ያለው ሊቲየም አዮን ባትሪ ይይዛል። ፎርድ ለሃይብሪድ ክፍሎቹ የሰጠው ዋስትና 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ነው፤ ስለዚህ በ2020 የተሸጠ መኪና ማይሉን ካልጨረሰ እስከ 2028 ድረስ ሊሸፈን ይችላል። ዋስትናው የሚቆጠረው የሞዴሉ ዓመት ከተጻፈበት ቀን ሳይሆን መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ነው። ሲነዱት ከ40 እስከ 60 ማይል ባለው ፍጥነት ላይ ሬዲዮውን ዘግተው ያዳምጡ፤ ከፊት በኩል እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም፣ ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ድምፅ ካለ በካምቢዮው ውስጥ ያለ ኩሽኔት ሊሆን ይችላል፤ ይህም በ2013ቱና ተከታዮቹ ሃይብሪዶች ላይ የሚታወቅ ሕመም ነው። ኤነርጂ የተባለው በሶኬት የሚሞላው ዓይነት እስከ 2018 ድረስ 7.6፣ ከዚያ በኋላ 9 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ነበረው፤ ባትሪው ዕቃ መጫኛውን ስለሚሻማ የሻንጣው ቦታ ከተራው ፊውዥን ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ያንሳል። ልጅ ያላቸው ሰዎች የሕፃን ጋሪያቸውን ይዘው ሄደው ይለኩት።

ደረጃ 4፦ ለደኅንነት ጥገና የተጠራበትን ታሪክ ይፈትሹ

የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር በድረ ገጹ ላይ የቻሲ ቁጥር አስገብቶ ያልተሠራ የደኅንነት ጥገና መኖሩን የሚያሳይ ነፃ መፈለጊያ አለው። በፊውዥን ላይ የሚከተሉትን በተለይ ይፈልጉ። ከ2006 እስከ 2012 ያሉት በታካታ ኤርባግ ምክንያት ተጠርተዋል፤ በእነዚህ ኤርባጎች ውስጥ ያለው ኬሚካል ለዓመታት እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቅበት በግጭት ጊዜ ከልክ በላይ ፈንድቶ የብረት ቁርጥራጭ ወደ ተሳፋሪው ይረጫል። ያልተቀየረበትን መኪና ለሙከራ እንኳ አይንዱ። ከ2014 እስከ 2018 ያሉት የመሪው ማሰሪያ ብሎን ሊላላ ይችላል ተብለው በማርች 2018 ተጠርተዋል። ከ2013 እስከ 2018 ያሉት የፊት ፍሬን ጎማ ቱቦ ተቀዶ የፍሬን ዘይት ሊያፈስ ይችላል ተብለው በማርች 2023 ተጠርተዋል። ከ2013 እስከ 2016 ያሉት ደግሞ የማርሹን ዘንግ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ጫፍ ላይ ያለው ፕላስቲክ ስለሚፈረካከስ፣ ዘንጉ «ፓርክ» ላይ ቢሆንም ካምቢዮው ሌላ ማርሽ ላይ ሊሆንና መኪናው ሊንከባለል ይችላል ተብለው ተጠርተዋል። የ2017ቱና ከዚያ ወዲህ ያሉት ማርሹን በሚሽከረከር ቁልፍ ስለሚያስገቡ በዚህኛው አይነኩም።

እዚህ ላይ ገዢዎች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱባቸው ሁለት የሕግ ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ ያገለገለ መኪና ሻጭ የደኅንነት ጥገናውን ሳያሠራ እንዳይሸጥ የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የለም፤ እንዲህ ያለ ግዴታ የተጣለው በአዲስ መኪና ሻጮችና በ2016 ሥራ ላይ ከዋለው ሕግ ወዲህ ከ35 በላይ መኪና ባላቸው አከራዮች ላይ ነው። ሁለተኛ፣ አምራቹ በነፃ እንዲጠግን የሚያስገድደው ሕግ የሚሠራው የጥገናው ጥሪ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ በ15 ዓመት ውስጥ የወጣ ከሆነ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ለሚወጣ ጥሪ የመጀመሪያው ትውልድ ፊውዥን አብዛኛው ከዚህ ጊዜ አልፏል ወይም ሊያልፍ ተቃርቧል፤ ፎርድ በፈቃዱ ሊሠራልዎ ይችላል፣ ነገር ግን ከመግዛትዎ በፊት ወደ ወኪሉ ደውለው የቻሲ ቁጥሩን ሰጥተው ይጠይቁ። ከሻጩ ዘንድ «ተሠርቷል» የሚል ቃል ሳይሆን የወኪሉ ወረቀት ነው የሚፈለገው።

ደረጃ 5፦ መኪናውን ሳይገዙ በፊት መለዋወጫውን ይግዙት

ይህ ርዕስ እንደ ቀልድ ቢመስልም የምለው የምር ነው። የሚበላሹ ሳይሆን የሚሰበሩ ዕቃዎችን ዝርዝር ያውጡና መኪናው የእርስዎ ቢሆን ኖሮ እንደምታዘዙት አድርገው በመደብርና በፍርስራሽ መኪና ግቢ ይጠይቁ። የዘይት ማጣሪያ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ የእግር ጎማዎች የትም ይገኛሉ፤ እነርሱን መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። ይልቅ የፊት መብራት ሙሉ አካል፣ የኋላ መብራት፣ የጎን መስተዋት፣ የፊት መከላከያ፣ የበር እጀታ፣ የዳሽቦርዱ ስክሪን፣ የኤርባግ ዳሳሽ፣ የፍሬን ኮምፒውተር ይጠይቁ። አንዱ ዕቃ አዲሱ «ተቋርጧል» ቢባልዎ፣ አማራጩ ከሌላ አምራች የሚሠራ ተመሳሳይ ነው ወይስ ከፈረሰ መኪና የሚነቀል ብቻ የሚለውን ይለዩ።

ሁለተኛው ትውልድ ፊውዥን በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ከሊንከን ኤምኬዚ ጋር መሠረቱን ይጋራል፤ በአውሮፓ እስከ 2022 ድረስ የተመረተው ፎርድ ሞንዴዮ በቅርጹ ጭምር ወንድሙ ነው፤ ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮውም በሌሎች የፎርድ መኪኖች ላይ በብዛት ተገጥሟል። ይሁን እንጂ ወንድማማችነቱን በጥንቃቄ ይውሰዱት፤ የሞንዴዮ የፊት መብራት የተሠራው ለአውሮፓ ደንብ ስለሆነ በመልክ ቢመሳሰልም በቀጥታ ምትክ አይሆንም።

የአካል ዕቃ እጥረት የሚጎዳው ሲጠግኑ ብቻ አይደለም። በመካከለኛ ግጭት ጊዜ የኢንሹራንስ ገማቹ የጥገናውን ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ያነጻጽራል፤ ዋጋው የወረደ ሞዴል ላይ አንድ መብራት፣ አንድ መከላከያና ሁለት ኤርባግ ብቻ ሚዛኑን ሊደፉት ይችላሉ። ሞተሩ ደኅና የሆነ መኪና በዚህ ምክንያት ከመንገድ ይወጣል። አምራቾች ለ10 ዓመት መለዋወጫ የማቅረብ የሕግ ግዴታ አለባቸው የሚለው በሰፊው የሚነገር አባባልም በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ውስጥ መሠረት የለውም፤ ዕቃው የሚቀጥለው ፈላጊ እስካለው ድረስ ነው።

ደረጃ 6፦ ወረቀቱን ያንብቡ

የባለቤትነት ሰነዱ ላይ «ሳልቬጅ» ወይም «ሪቢልት» የሚል ማኅተም ካለ መኪናው አንድ ጊዜ ከጥገና በላይ ተብሎ የተጣለ ነው። ማኅተሙ መኪናው ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሲዛወር የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ፣ የሰነዱን የዝውውር ታሪክ የሚያሳይ ሪፖርት ይግዙ። የተጓዘበትን ማይል በሚመለከት አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ድንበር አለ፤ የ2011 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ያሉትን የሚሸጥ ሰው ማይሉን በጽሑፍ የማረጋገጥ ግዴታው ለ20 ዓመት ይቆያል፣ የ2010 እና ከዚያ በፊት ያሉት ግን ከግዴታው ወጥተዋል። ስለዚህ የ2010 ፊውዥን ሲያዩ በዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ከጥገና ደረሰኞቹ ጋር ማስተያየት የእርስዎ ሥራ ነው።

ፊውዥን ለአከራዮችና ለመሥሪያ ቤቶች በብዛት የተሸጠ መኪና ነው፤ ሃይብሪዱን መሠረት ያደረገ የፖሊስ ዓይነትም ነበረው። የመሥሪያ ቤት መኪና መሆኑ ብቻውን ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ዘይቱ በሰዓቱ የተቀየረለት ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። ነገር ግን ቆሞ የሚሠራ ሞተር ማይል ሳይቆጥር ያረጃል። በጣሪያው ወይም በዳሽቦርዱ ላይ የተደፈነ ቀዳዳ ካዩ ሬዲዮና መብራት የተገጠመበት እንደነበር ይገምቱ። ከንግድ ድርጅት ሲገዙ ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ በመስኮቱ ላይ እንዲለጠፍ የሚያዝዘውን የገዢ መረጃ ወረቀት ያንብቡ፤ «እንዳለ» የሚለው ሣጥን ምልክት ከተደረገበት ከግቢው ከወጡ በኋላ የሚደርሰው ሁሉ የእርስዎ ነው።

ደረጃ 7፦ በቀኑ የሚደረገው ምርመራ

የቀዝቃዛ ሞተር ምርመራው በደረጃ 3 ተነግሯል። ከእርሱ ቀጥሎ በአነስተኛ የኦቢዲ-2 ማንበቢያ የመኪናውን ኮምፒውተር ይጠይቁ፤ መሰኪያው ከ1996 ወዲህ በአሜሪካ በተሸጠ መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር ይገኛል። ስሕተት አለመኖሩን ብቻ አይተው አይርኩ። ማንበቢያው መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸውን ምርመራዎች «ተጠናቅቋል» ወይም «አልተጠናቀቀም» ብሎ ይዘረዝራል፤ በርካታዎቹ ካልተጠናቀቁ አንድ ሰው በቅርቡ የስሕተት መዝገቡን ደምስሷል ወይም ባትሪውን ነቅሏል ማለት ነው። ከፒ0300 እስከ ፒ0304 ያሉት ኮዶች የሲሊንደር አለመተኮስን ስለሚያመለክቱ በ1.5 እና በ2017 ወዲህ ባለው 2.0 ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ ናቸው።

ቦዲውን በቀን ብርሃን በጎን ተጠግተው ይመልከቱ፤ የቀለሙ ጥላ በሁለት ላሜራዎች መካከል ከተለያየ ወይም ስቱኮ የተሞላበት ቦታ እንደ ሞገድ ከታየ ተመትቶ ነበር። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትተው አውጡት፤ ጎርፍ የገባበት መኪና ምንጣፉ ቢቀየርም የቀበቶው ታችኛው ክፍል ላይ የጭቃ መስመር ይቀርበታል። ከሻንጣው ምንጣፍ ሥር ያለውን የትርፍ ጎማ ጉድጓድም በእጅዎ ዳስሱት።

ሲነዱት መሪውን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርገው መላላቱን ይፈትሹ፤ ፍሬኑን ረግጠው ሲይዙ እግርዎ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ መስመሩ ዘይት እየለቀቀ ሊሆን ይችላል። ካምቢዮው ሲቀይር በማርሾቹ መካከል ሞተሩ ለቅጽበት ባዶውን የሚጮህ ከሆነ ወይም ገፍቶ የሚያስገባ ከሆነ ወጪ እየመጣ ነው። ዳገት ላይ አቁመው «ፓርክ» ካስገቡ በኋላ የእጅ ፍሬኑን ሳይዙ እግርዎን ከፍሬኑ ላይ ቀስ ብለው ያንሱ፤ ትንሽ ወዝወዝ ማለቱ ጤና ነው፣ መንከባለሉ ግን የተነገረው ገመድ ነው። ፊት ለፊትዎ ሰው ወይም መኪና በሌለበት ቦታ ያድርጉት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መኪናው ከወደዱት፣ ከሻጩ ጋር ዝምድና ወደሌለው ጋራዥ ወስደው በክሪክ ላይ ያስሰቅሉት። ሻጩ ይህን ከከለከለ ዋጋው ምንም ቢሆን ይመለሱ።

ደረጃ 8፦ ዋጋውን ይነጋገሩ፣ ከገዙም በኋላ ይሥሩ

ማምረቱ የቆመ ሞዴል እንደገና ሲሸጥ ፈላጊው ያነሰ ነው፤ ይህ ሲገዙ የሚጠቅምዎ፣ ሲሸጡ የሚጎዳዎ ነገር ነው። ስለዚህ ከ6 ወይም ከ7 ዓመት በላይ ለመንዳት ያሰበ ገዢ ቅናሹን ያተርፋል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሊቀይረው ያሰበ ግን አሁንም እየተመረተ ካለ ተፎካካሪ ጋር ሒሳቡን ያስተያይ። ሲደራደሩ «ሞዴሉ ቆሟል» ብለው አይጀምሩ፣ ሻጩ ይህን ለምዶታል፤ በደረጃ 5 ያገኙትን «ተቋርጧል» የተባለ ዕቃና በደረጃ 7 መካኒኩ የጻፈውን ወረቀት ያስቀምጡለት።

ከገዙ በኋላ ባለው ሳምንት የመኪናውን ባለቤትነት ለፎርድ ያስመዝግቡ፤ ለጥገና የሚጠራው ደብዳቤ የሚላከው በመዝገቡ ላይ ወዳለው አድራሻ ነውና። የሞተሩን ዘይት፣ የማቀዝቀዣውን ፈሳሽና የፍሬኑን ዘይት ቀይረው የተቀየረበትን ቀንና ማይል ይጻፉ። የማቀዝቀዣው ጠርሙስ ላይ ዛሬ ፈሳሹ የደረሰበትን ቦታ በማርከር ያስምሩ፤ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ያንን መስመር ይመልከቱ፣ ከወረደም ሳይሞሉት በቀጥታ ወደ መካኒኩ ይውሰዱት።